እማዬ፣ እርሳሷን አየኋት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትንሹ ማንበብ ጀምሮ፣ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ አላስቀምጥ ብሎናል። ትልቋ የፊት ጥርሷ ወልቆ ፎቶ አልነሣም ብላለች። የቀረውን ስንደዋወል እነግርሻለሁ። ይህችን ግን በስልክ ልልሽ ስሞክር አልሆነልኝም፤ «ደህና ነኝ» ትዪኝና ወሬው እዚያው ላይ ያልቃል።

ስኳርሽን እንዳይበት በከፈትሽልኝ አፕ ላይ፣ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ አንዲት ትንሽ እርሳስ አለች። መለኪያው ራሱ የሚልከው ቁጥር እርሳስ የለውም። እርሳስ ያለው በእጅ የተጻፈ ነው። 110፣ 115፣ 110፣ 120። ሁሉም በ0 ወይም በ5 ያልቃል፣ ሁሉም ጠዋት ልክ አንድ ሰዓት ላይ። ደም እንዲህ አይታዘዝም እማዬ። ከአንድ ጣት በተከታታይ ሁለቴ ብትለኪ እንኳ አንዴ 118፣ አንዴ 127 ሊል ይችላል።

ጥፋቱ የስልኩ ይሆናል ብዬ ልጀምር። የመለኪያው ባትሪ ተቀይሮ ከሆነ ቀኑና ሰዓቱ ጠፍቶ ይሆናል፤ ያኔ ቁጥሩ ያለ ቀኑ ገብቶ ስለሚቀመጥ ያልመጣ ይመስላል። መጀመሪያ እሱን አስተካክይ። ቀጥሎ ስልኩ ላይ ሴቲንግ ግቢ፣ አፕስ የሚለውን፣ ከዚያ የአፑን ስም፣ ከዚያ ባትሪ የሚለውን ንኪና ገደቡን አንሺለት። ስልኩ ባትሪ ልቆጥብ እያለ አፑን ያስተኛዋል፤ የተኛ አፕ ደግሞ ከመለኪያው የሚመጣለትን አይቀበልም። አንዳንድ ስልክ ብሉቱዙ ክፍት ሆኖም የሎኬሽን ፈቃድ ካልተሰጠው መለኪያውን አያገኘውም። ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለ፣ ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ የመለኪያውን ስም አጥፊና እንደ አዲስ አገናኚው። ድንገት 6.1 የሚል ቁጥር ካየሽ አትደንግጪ፤ አፑ ሚሊሞል በሚባለው በሌላው አሃድ እየቆጠረ ነው፣ በ18 ስታባዢው ያው 110 ነው።

ጣትሽን በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂ። ፍራፍሬ የነካ ጣት ቁጥሩን ይሰቅለዋል፣ ያልደረቀ ጣት ደሙን አቅጥኖ ያወርደዋል። ደሙን የምታስነኪውን ስትሪፕ ቀድመሽ ከዕቃው አውጥተሽ አታስቀምጪ፣ ክዳኑንም ክፍት አትተዪ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

ጥፋቱ የስልኩ ካልሆነስ?

የአባዬን ነገር እኔ የሰማሁት ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። «እንዳትጨነቂ ብለን ነው» አላችሁኝ። እስከ ዛሬ አንስቼብሽ አላውቅም፣ ዛሬም ላነሳው አልነበረም። ግን እነዚያን 110ዎች ባየሁ ቁጥር ያ ቃል ነው የሚሰማኝ።

240 ከሆነ 240 ጻፊ። ማንም አይቆጣሽም። ዶክተሩ የኢንሱሊኑን መጠን የሚወስነው ከአፑ የሚወጣውን የሁለት ሳምንት ሪፖርት አይቶ ነው። የሦስት ወሩ ምርመራ፣ ኤዋንሲ የሚሉት፣ 8 ቢወጣ አማካይሽ 183 ገደማ ነበር ማለት ነው። ሪፖርቱ ላይ ጠዋት ጠዋት 110 ተጽፎ ሲያይ ምን ያስባል? «ጠዋት ደህና ናት፣ የሚወጣባት ከምግብ በኋላ ነው» ይልና ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ይጨምርልሻል። ያልታመመው ቦታ ይታከማል። እውነተኛው የጠዋት ቁጥር 65 ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የማታው ኢንሱሊን መቀነስ ሲገባው እንዳለ ይቀጥላል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ሌሊቱ ነው። ከግፊት ክኒኖችሽ አንዱ የልብ ምትን የሚያረጋጋ ዓይነት ነው። ስኳር ሲወርድ ልብ እየመታና እጅ እየተንቀጠቀጠ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ክኒን ሁለቱንም ሊሸፍናቸው ይችላል። ላቡን ግን አይሸፍነውም። ትራስሽ ርሶ ከነቃሽ «ሞቆኝ ነው» ብለሽ አትገልበጪ፤ ተነሺና ለኪ። ከ70 በታች ከሆነ ያልተቆለለ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ጠጪ፤ 15 ግራም አካባቢ ነው። 15 ደቂቃ ጠብቀሽ ደግመሽ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ። ከ54 በታች ከሆነ ስኳሩን ጠጥተሽ ወዲያው ደውይልኝ፣ ስንት ሰዓት ነው አትበይ። አፑ ላይ መጻፉ ይደርሳል።

የኢንሱሊን ማስታወሻው ሲጮህ «ወሰድኩ» የሚለውን ከወጋሽ በኋላ ብቻ ንኪ። ቀድመሽ ነክተሽ ሰው ቢመጣብሽ መርፌው ይረሳል። ወግተሽ ሳትነኪ ከቀረሽ ደግሞ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጮሃል፣ አንቺም ሁለተኛ ትወጊያለሽ፤ የሚገድለው ይሄኛው ነው። መውጋትሽን ካልተማመንሽ አትድገሚ። ለኪና ደውይ። ማታ ስልኩን ድምፅ አልባ ስታደርጊው ማስታወሻውም አብሮ ዝም ሊል ስለሚችል፣ ሴቲንግ ውስጥ አፑን ለይተሽ ፍቀጂለት።

መጠን አስላልሻለሁ የሚለውን ቦታ አትንኪው፤ ያ የዶክተሩ ሥራ ነው። ሳይወጋ ስኳር ይለካል ያሉሽንም ሰዓት ተዪው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በፈረንጆች 2024 ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር የሚለካ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አለመፍቀዱን ተናግሮ ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

በዚህ ዕድሜሽ አፕ መልመድሽ ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም የማየው ልቆጣጠርሽ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልቆጣጠርሽም ብዬ ነው።

ነገ ጠዋት ታጥበሽ ለኪና የመጣውን ተዪው፣ ራሱ ይድረሰኝ። ብሉቱዙ እምቢ ብሎ በእጅ መጻፍ ግድ ከሆነም ጻፊ። ግን 137ን 137 ብለሽ ነው፣ 135 አትበይኝ።

ልጅሽ