ለአባባ፦ ስለ ሁለቱ አንበሶች

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጁም አድጓል፤ የፊት ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ ሲስቅ አፉን በእጁ ይከድናል። እህቴ በቀደም ደውላ «አባባ ስልኩ በደንብ አይሰማቸውም፤ ብትጽፊላቸው ደስ ይላቸዋል፣ ንባብ እንደሆነ አልተዉም» ስላለችኝ ይኸው ጻፍኩልዎ።

የምጽፍልዎ ስለ አንድ ፊልም ነው። እዚህ ብዙ ወዳጆች አሉኝ፤ ይህን ነገር በትክክል የሚረዳኝ ግን አብሮኝ ያየው ሰው ነው፣ እርስዎ።

«ዘ ላየን ኪንግ»ን ያስታውሱታል? እኛ ቤት ስሙ «ሲምባ» ነበር። ካሴቱን ከቪዲዮ ቤት ተከራይተው ያመጡት እርስዎ ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚሰማ ልጅ በቤቱ ስላልነበረ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ይነግሩን ነበር። «አባቱ እንዲህ ይለዋል፣ አጎቱ ደግሞ እንዲህ እያለ ያታልለዋል» ይሉን ነበር። ያ የዱር ከብት መንጋ ገደሉን እየናደ ወርዶ፣ ሙፋሳ ወድቆ፣ ትንሹ ሲምባ ወደ አባቱ ሲጠጋ ግን ዝም አሉ። ከእኛም «ምን አለ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ደግሞ የሲምባን ፊት ብቻ ሳይ ነበር፤ ቅንድቡ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ጆሮው ወደ ኋላ ወድቆ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የአባቱን እጅ አንሥቶ ከሥሩ ገብቶ ሲተኛ።

ይህንኑ ፊልም ዲዝኒ በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ፣ በፈረንጆቹ 2019 መሆኑ ነው፣ እንደ አዲስ ሠርቶ አወጣው። የድሮው በ1994 የወጣ በእጅ የተሣለ ካርቱን ነበር። አዲሱ ሲታይ ግን አንበሶቹ እውነተኛ አንበሶች፣ ሣሩም እውነተኛ ሣር ነው የሚመስለው። ይህ ድርጅት የቆዩ ካርቱኖቹን አንድ በአንድ እያወጣ እንደዚህ እያደሰ ነው፤ «ሲንደሬላ»ን በ2015፣ «ዘ ጃንግል ቡክ»ን በ2016፣ «ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት»ን በ2017። «አላዲን»ም የወጣው ከአንበሳው ጋር በአንድ ዓመት ነው። በአብዛኞቹ ፊልሞች ላይ እውነተኛ ተዋንያን አሉ። በአንበሳው ፊልም ግን አንድም እውነተኛ እንስሳ የለም። ሁሉም በኮምፒዩተር የተሠራ ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ በኋላ እንደተናገረው፣ ከፊልሙ ሁሉ በእውነተኛ ካሜራ የተቀረጸው የመጀመሪያዋ የፀሐይ መውጫ ብቻ ናት። ሠራተኞቹ በዓይናቸው ላይ የሚታሰር መነጽር አድርገው ኮምፒዩተር ውስጥ ባለው ሜዳ ላይ እየተዘዋወሩ፣ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙ እዚያው ሆነው ይመርጡ ነበር። የእርስዎ ዘመን ሰው ይህን ቢሰማ «እግዚኦ!» ይላል፤ እኔም ብያለሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ሲኒማ ቤት ሄጄ ላየው አልፈለግሁም። ይህ ፊልም ለእኔ የቤታችን ነው፤ ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበት አልፈቀድኩም ነበር። ዓለም ግን አይቶታል፤ ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በቅርቡ ልጁ ከትምህርት ቤት ሰምቶ መጣና «አንበሳውን እንይ» አለኝ። ቅዳሜ ማታ ተቀምጠን አየነው።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልንገርዎ፤ ብዙ ነው። የፀጉሩ አሠራር፣ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ፣ አቧራው በብርሃን ውስጥ ሲንሳፈፍ! ከሁሉ የያዘኝ ግን ሲምባ በሕይወት መኖሩ የሚታወቅበት ክፍል ነው። በድሮው ፊልም ሲምባ ሲተኛ አቧራና ቅጠል ይነሣል፣ ነፋሱ ይወስደዋል፣ ሽማግሌው ዝንጀሮ ራፊኪ በእጁ ይይዘዋል፤ ያልቃል። በአዲሱ ግን አንዲት የሲምባ ጎፈር ቁንዳላ ብቻዋን ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ወንዝ ይወስዳታል፣ ወፍ ጎጆዋን ልትሠራባት ታነሣታለች፣ ቀጭኔ ከቅጠል ጋር ትውጣታለች፣ ከእበቱ ጋር ወጥታ ጥንዚዛ እያንከባለለ ይወስዳታል፣ በመጨረሻ ጉንዳኖች ተሸክመዋት እዛፉ ላይ ይወጣሉ። አንድም ቃል አይነገርም። አባባ፣ እርስዎ ቢያዩት «የፈጣሪ ሥራ» ይሉ ነበር። ያን ክፍል ሁለቴ መልሼ አየሁት። በዚያ ቦታ አዲሱ ከድሮው ይበልጣል።

አሁን ወደ ያመመኝ ልምጣ። ያው የዱር ከብት መንጋ መጣ፣ ያው ገደል፣ ያው ውድቀት። ትንሹ ደቦል ወደ አባቱ ቀረበ። ልክ በዚያች ሰዓት ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «እማ፣ አሁን ሲምባ አዝኗል?» አለኝ።

የሚነገረው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ እያንዳንዱን ቃል ይሰማል። ደቦሉ እየጮኸ ነው፣ አባቱን እየቀሰቀሰ ነው። ግን ፊቱ የእውነተኛ ደቦል ፊት ነው። እውነተኛ ደቦል ቅንድቡን አይሰበስብም፣ አያለቅስም። ልጁ ድምፁን ሰምቶ ፊቱን ሲያይ ሁለቱ አልገጠሙለትም፤ ስለዚህ ጠየቀኝ። እኛ በዚያ ዕድሜያችን ከንግግሩ አንዲት ቃል ሳንሰማ ምንም አልጠየቅንም።

ልጁ ከተኛ በኋላ ያንን ክፍል ድምፁን ዘግቼ ደግሜ አየሁት፤ የድሮውንም እንዲሁ ድምፁን ዘግቼ። የድሮው ያለ ድምፅ ሙሉ ነው። ገና መንጋው ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቅ ሲል ሲምባ ዓይኑ ሲፈጥ፣ ከኋላው ያለው ገደል ሲርቅ፣ ድንጋጤው ደረትን ይይዛል። በአዲሱ ደግሞ ድምፁ ሲዘጋ አንድ ደቦል በአንድ ትልቅ አንበሳ አጠገብ ቆሟል፤ ሌላ ነገር የለም። ሠዓሊው እውነተኛውን አንበሳ ትቶ የሰውን ኀዘን በአንበሳ ፊት ላይ ሥሎ ነበር። አሁን የሠሩት ሰዎች አንበሳውን መለሱልን፤ ኀዘኑ ግን ከፊቱ ላይ ሄደ። ሙያቸው አንሶ አይደለም፤ ሙያቸው የሚያስደንቅ ነው። ቆርጠው የመረጡት መንገድ ይህ ስለሆነ ነው፤ እንስሳው እንስሳ ይምሰል ብለው ከተነሡ ፊቱን ሰው ማድረግ አይችሉም።

ሌላም አለ። አጎትየው ስካር ለጅቦቹ የሚዘፍነውን ያስታውሳሉ? ጅቦቹ እንደ ወታደር ተሰልፈው፣ አረንጓዴ ጭስ ከመሬት እየወጣ፣ እኛ ትራስ አፋችን ላይ ይዘን? ያ ዘፈን በአዲሱ ተቆርጦ፣ ግማሹ ንግግር ሆኖ በአጭሩ ያልፋል። የምሽቱ የፍቅር ዘፈን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ይዘፈናል። የድሮው 88 ደቂቃ ነበር፣ አዲሱ 118 ነው፤ ግማሽ ሰዓት ጨምረው እነዚህን መቀነሳቸው አልገባኝም።

የስካር ጎፈር ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ ስካር ክፉ መሆኑ በጥቁር ጎፈሩ ነበር የሚታወቀው። ፊልሙን ባየን ሰሞን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወስደውን፣ የእኛ አንበሶች ጎፈራቸው ጥቁር መሆኑን ሳይ እጅዎን ይዤ «እነዚህ ክፉዎቹ ናቸው?» አልኩዎ። «የኛ አገር ንጉሥ ይሄኛው ነው፤ ጥቁሩ» አሉኝ፤ አጥሩን ይዤ ቆሜ እስኪሰለችዎ ድረስ አየኋቸው። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳነብ በሴሬንጌቲ አንበሶች ላይ ተጠንቶ በ2002 የታተመ ጥናት አገኘሁ፤ ሴቶቹ አንበሶች ጠቆር ያለ ጎፈር ያለውን ወንድ ይመርጣሉ ይላል፤ ጥቁር ጎፈር የጥንካሬና የጤና ምልክት ነውና። እርስዎ ያለ ጥናት ነግረውኝ ነበር። አዲሶቹ ፊልም ሠሪዎች የስካርን ጎፈር ስስ አድርገውታል፤ የተጎሳቆለ፣ የከሳ አንበሳ አድርገውታል። በዚህ ነገር ደስ ብሎኛል፤ ልጄ አንበሳ ግቢ ሲገባ ጥቁሩን አንበሳ አይፈራም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። በአዲሱ ፊልም የአንበሶቹን ድምፅ የሰጡት ሰዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ተቀይረዋል። ስካር ሌላ ሰው ነው፣ ትልቁ ሲምባ ሌላ ነው፣ የሲምባን ፍቅረኛ ናላን የሆነችው ዘፋኟ ቢዮንሴ ናት። አንድ ሰው ግን አልተቀየረም፤ ሙፋሳ። ጄምስ ኧርል ጆንስ የድሮውን ሲሠራ 63 ዓመቱ አካባቢ ነበር፤ አዲሱ ሲወጣ 88 ሞልቶታል። ያን ድምፅ ስሰማ ፊልሙን አስቁሜ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ፣ ልጁ እንባዬን እንዳያይ። ድምፁ ያው ነው፤ ግን ከበድ፣ ዘግየት ብሏል፤ በቃላቱ መሐል ትንፋሽ ይሰማል። በድሮው ሙፋሳ የሚናገረው ልጁን ሊያሳድግ ገና ብዙ ዘመን ያለው አባት ሆኖ ነው። በአዲሱ ያው ንግግር ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሲወጣ፣ ሊሰናበት የተዘጋጀ አባት ይመስላል። ለልጁ ከዋክብቱን እያሳየ የቀደሙት ነገሥታት ከዚያ ያዩናል፣ እኔም አንድ ቀን ከእነሱ ጋር እሆናለሁ የሚለው ክፍል ላይ የአንበሳውን ፊት ማየት አላስፈለገኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ይህ ሰው በልጅነቱ ይንተባተብ ነበር፤ ለዓመታት ከሰው ጋር መናገር ትቶ፣ አንድ አስተማሪው ግጥም እንዲያነብ አድርጎት ነው አንደበቱ የተፈታው። ያረፈው ጳጉሜን 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ በ93 ዓመቱ፤ እናንተ ለዘመን መለወጫ ስትዘጋጁ እዚህ ሰዉ ስለ እሱ ያወራ ነበር።

መግቢያው ላይ የሚሰማው ጥሪም ያው የድሮው ሰው የሌቦ ኤም ነው፤ በአፓርታይድ ዘመን ከደቡብ አፍሪካ ተሰድዶ እዚህ አሜሪካ የኖረ ዘፋኝ። ሙዚቃውን የጻፈው ሐንስ ዚመርም ያው ነው፤ አባቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ነው፤ የሙፋሳን ሞት ሙዚቃ ሲጽፍ አባቱን እያሰበ እንደነበር ተናግሯል። እንግዲህ በጆሮ የሚሰማው የቀድሞው ሰዎች ናቸው፣ በዓይን የሚታየው አዲስ ነው። ስለዚህ ነው ልወደውም ልጠላውም ያልቻልኩት። ዓይኔን ስጨፍን ቤታችን ነኝ፣ ስከፍት ሌላ ቦታ።

ልጄን ምንም አላልኩትም። እሱ አዲሱን ወዶታል፤ «ይሄኛው እውነተኛው ነው» ይላል። የእሱ ሲምባ ይሄ ይሁን፤ አልቀማውም። ግን የእኔንም እንዲያውቀው እፈልጋለሁ።

እግዚአብሔር ቢፈቅድ ለፋሲካ እንመጣለን። የድሮውን በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፤ ለልጁ በአማርኛ የሚነግሩት እርስዎ ናቸው። አማርኛው ደካማ ነውና ከእርስዎ አፍ ቢሰማ ይጠቅመዋል። ጆሮዎ ከበደ ብለው እንዳይተዉት፤ የዚያ ፊልም ነገር ሁሉ ፊታቸው ላይ ተጽፏል፣ እያዩ መናገር ነው። አዲሱን ደግሞ በሌላ ቀን፣ የጆሮ ማዳመጫውን ባትሪ ቀይረን፣ ድምፁን ከፍ አድርገን እናየዋለን። የቁንዳላዋን ጉዞ ማየት አለብዎ፤ የሙፋሳንም ድምፅ መስማት አለብዎ። ከዚያ የትኛው እንደሚበልጥ ይፈርዱልኛል፤ ወንድሜ አዲሱን አይቶ «ምንም አይልም» ብሎኛል፤ እሱን አልቀበልም፣ የእርስዎን ነው የምቀበለው።

ባትሪውን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፤ እህቴ ጋ ይደርሳል። የደም ግፊት መድኃኒቱን ከምግብ በኋላ ይውሰዱ፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ካፖርትዎን አይርሱ። ለእማማና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። መልስዎን በእጅ ጽሑፍዎ እጠብቃለሁ።

የምትወድዎት ልጅዎ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ