ከመውለዴ በፊት ላመስግናችሁ

እናቴ «ልጅሽን ታቅፈሽ ታመሰግኛለሽ፤ እስከዚያው ዝም በይ» ብላኝ ነበር። በእኛ ዘንድ እርግዝና እስኪገፋ ድረስ አይወራም፣ ምስጋናውም ከአራስ ቤት በኋላ ነው። ቃሏን ያልሰማሁት ንቄ አይደለም። ውለታ የዋላችሁልኝ በመካንነት ሕክምና ላይ ሳለሁ፣ ልጅ ይገኝ አይገኝ በማይታወቅበት ጊዜ ነውና ምስጋናዬም ምጡን መጠበቅ የለበትም።

አስቀድሞ ክብር ለልዑል እግዚአብሔር፤ ለጻድቃኔ ማርያምም ስለቴን አልረሳሁም።

እማማ፣ የባለቤቴ እናት፤ ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «ምነው እስካሁን?» ሲባል እየሰሙ ኖሩ። አንድ ቀን መንዝ ሠርግ ላይ «እኔ ለልጄ ሚስት አጋባሁት እንጂ ማህፀን አልገዛሁለትም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በፊቴ የጠየቀኝ የለም። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ባለቤቴ እንዲህ በአደባባይ መነሳት አይወድም፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ። ለዓመታት ስመረመር የኖርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከሄድኩባቸው ቦታዎች «ባልሽንም ይዘሽ ነይ» ያለኝ አልነበረም። መካንነት በሴቷም በወንዱም በሁለቱም በኩል የሚመጣ ችግር ነው። እሱ ማንም ሳያዘው የዘር ፈሳሽ ምርመራ አደረገና ችግሩ በእሱም በኩል እንዳለ ሲነገረው ወረቀቱን ቤት አምጥቶ እናቱ ፊት አነበበው። አንድ ወንድ ይህን በገዛ አፉ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ለዓመታት የተሸከምኩት ነገር የዚያን ማታ ቀለለኝ።

የንስሐ አባቴ፣ «ጸበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም አታቋርጪ፤ ሐኪሙንም የፈጠረ እሱ ነው» ስላሉኝ እጅዎን እስማለሁ። ሌላ ምክር የሰጡኝ ብዙ ነበሩ።

የዕቁብ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሁሉ፣ በተለይ ዕጣው የወጣልህ ጋሼ፤ ለቆርቆሮ የቆጠርከውን ብር ለመድኃኒታችን ለቀህ ክረምቱን በሚያፈስ ቤት አሳለፍክ። ብሩን መልሰናል፤ ክረምቱን ግን በምን እንደምንመልስልህ እንጃ።

ጎረቤቴ ሲስተር፤ እንቁላል የሚያሳድገው የሆርሞን መርፌ በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ሆድ ላይ ነው የሚወጋው። ጀበናሽን ከሰል ላይ ትተሽ፣ እንግዳሽን ተቀምጦ እያለ ትተሽ መጥተሻል። የወጋሽውን ቦታ በጥጥ ይዘሽ «አለፈ፣ አለፈ» የምትይው አሁንም ይሰማኛል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ጄኔሬተር ያለው ፍሪጅህን የከፈትክልን የፋርማሲው ወንድማችንም፣ አይስ ቦክሴን «ላይ አልጭነውም፣ ፀሐይ ያገኘዋል» ብለህ እስከ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ከጎንህ ያስቀመጥከው ሾፌርም፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ያላችሁ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች፤ ማዕከሉ በ2011 ዓ.ም. ባይከፈት ኖሮ የእኛ አቅም ወደ ውጭ አገር አይደርስም ነበር። እንቁላሉ ከማህፀን ውጭ በላብራቶሪ ሊዳቀል ከሰውነት የሚወሰደው የመጨረሻዋ መርፌ ከተወጋች ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ሰዓቷ ከተዛባች ልፋቱ ሁሉ ይበላሻል። ያንን ሰዓት በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ የጻፍሽልኝ ነርስ፣ እጄን ሳልታጠብ ነው ያመሸሁት።

ጽንሱ ማህፀኔ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ የደም ምርመራው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ከመርፌው ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። እትዬ፣ ቤትሽ ተቀምጬ አንድም ቀን «ተሰማሽ?» አላልሽኝም። የምትጠይቂኝ ምሳ ምን እንደምበላ ብቻ ነበር። ውጤቱ የተነገረን ቀንም እልል ከማለትሽ በፊት በሩን የዘጋሽው ለእኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ።

ገና በመጠበቅ ላይ ያላችሁ እህቶቼ፣ ዕድሜያችሁ ከ35 በታች ከሆነ አንድ ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ስድስት ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ባላችሁም አብሮ ይመርመር።

አሁን የመውለጃዬ ወር ገብቷል። ማርያም በሽልም ታውጣሽ በሉኝ። የጠቀስኳችሁም ያልጠቀስኳችሁም ለገንፎው እንዳትቀሩ።

ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ