ጉዳዩ፦ 50 ሜትር ትችላለች ተብላ እጅ መታጠብ ስላቃታት ሰዓት

ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.
ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

መስከረም ማለቂያ ላይ ከመርካቶው ሱቃችሁ በ3,400 ብር የእጅ ሰዓት ገዛሁ። ኅዳር ላይ ውሃ ገባባት። የአንድ ዓመት ዋስትና አላት። ሱቃችሁ ግን «ውሃ ነክቷታል፣ ዋስትናው አይሸፍንም» ብሎ መለሰኝ። ጀርባዋ ላይ «ዋተር ሬዚስታንት 50 ኤም» ተብሎ የተቀረጸባት ሰዓት ናት እንግዲህ። ገንዘቤ እንዲመለስልኝ፣ ካልሆነም ዓይኔ እያየ የተፈተሸች ሌላ ሰዓት እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ። የደረሰኙና የዋስትና ካርዱ ቅጂ፣ የሰዓቷም ፎቶ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ሱቅ በመጣሁ ጊዜ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ስለነበር ነገሩን በወጉ ሳላስረዳ ነው የወጣሁት። አሁን ከሥሩ ልጀምር።

መምህር ነኝ። ሰዓት ለእኔ ጌጥ አይደለም። ፈተና ክፍል ስልክ ይዘን አንገባም። ልጆቹ «ቲቸር፣ ስንት ደቂቃ ቀረን?» ሲሉ የማየው እጄን ነው። ስለዚህ የምፈልገው ብዙ አልነበረም። ቁጥሮቿ በግልጽ የሚነበቡ፣ ሰከንድ ቆጣሪ ያላት፣ እጅ ላይ የማትከብድ፣ ማሰሪያዋ ሲበጠስ የትም ሱቅ ሌላ የሚገኝላት። 20 ሚሊ ሜትር የማሰሪያ ስፋት ያላትን የመረጥኩት ለዚያ ነው። የራሷ የተለየ ማሰሪያ ያላት ሰዓት ማሰሪያው ያለቀ ቀን እሷም አለቀላት። በባትሪ የምትሠራዋን ኳርትዝ የፈለግኩት ደግሞ ለወጪው ብዬ ነው። ደህና ኳርትዝ በወር ብትዛባ 20 ሰከንድ ያህል ነው። ድንጋዩን በጊዜው መቀየር ነው እንጂ ሌላ ጣጣ የላትም። ያለ ባትሪ በእጅ እንቅስቃሴ የምትሞላው አውቶማቲክ ግን በየጥቂት ዓመቱ ተፈታ መጽዳትና መቀባት አለባት። ያንን በመምህር ደመወዝ አልሞክረውም።

ቀን የምታሳይም አልፈለግኩም። ሻጫችሁ በዚህ ተገርሞ ነበር። የሰዓት ቀን እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር 30 ነው። ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሥራ። በዚያ ላይ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለሚሞላ ሰው ቀኑ የሚዞረው ወይ ንጋት 12 ላይ ነው ወይ ማታ 12 ላይ። ምን በወጣኝ! ይህቺን የቀን ነገር ግን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

መጀመሪያ ያነሳሁት ርካሿን ጥቁር ፕላስቲክ ካሲዮ ነበር፣ ኤፍ-91ደብልዩ የምትባለውን። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሸጥ የኖረች፣ 21 ግራም የምትመዝን፣ በአንድ ባትሪ 7 ዓመት ያህል እንድትሄድ የተሠራች ሰዓት ናት። ሻጫችሁ ከእጄ ወሰዳትና መልሶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣት። «ቲቸር፣ ይቺ እኮ የልጆች ናት፤ ለእርስዎ አትመጥንም» አለኝ። ቀጠለና «ደግሞ ያንብቡት፣ ውሃ ትችላለች ይላል እንጂ ስንት ሜትር እንደሆነ አልተጻፈም። ይቺኛዋ 50 ሜትር ናት። ሙሉ ስቲል። መስታወቷ ሳፋየር» ብሎ ሌላ አቀረበልኝ። ከእጥፍ በላይ ዋጋ የከፈልኩት በእነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። ሙሉ ስቲል የተባለችው ሰዓት ጀርባዋ ላይ «ስቴንለስ ስቲል ባክ» ይላል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ክዳኑ ብቻ እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። የቀረው አካሏ ሌላ ብረት ሆኖ በላዩ የተቀባ ነው። ማሰሪያው በሚገባበት ጥግ በኩል ቅቡ መላጥ ጀምሯል። ሳፋየር የተባለው መስታወት ደግሞ የክፍላችን ግድግዳ ልስን ነክቶት ተጫረ። ሳፋየር ከ1 እስከ 10 ባለው የጥንካሬ መለኪያ 9 ላይ ነው፣ አልማዝ 10 ነው። ልስኑ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 ላይ ስለሆነ ሳፋየርን አይጭርም። ካርዳችሁን ገልብጬ ሳየው እናንተው ራሳችሁ «ሚኔራል»፣ ማለትም ተራ መስታወት፣ ብላችሁ ጽፋችኋል። ይሁን፣ ነጋዴ ዕቃውን ያሞግሳል ብዬ እነዚህን ብውጣቸውም ሦስተኛውን አልውጠውም።

የሆነው እንዲህ ነው። የትምህርት ቤታችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የዚያን ቀን ተራችን ስላልነበር ቧንቧው ደርቋል። ከክፍለ ጊዜ በኋላ እጄ ጠመኔ በጠመኔ ሆኖ ስወጣ አንዲት ተማሪዬ በሃይላንድ ውሃ ይዛ አፈሰሰችልኝ። የፈሰሰው ውሃ ግማሽ ሊትር አይሞላም። ሰዓቷን አላወለቅኩም፣ ለምን አወልቃለሁ? መምህራን ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ መስታወቷ ከውስጥ በኩል ጉም ያዘው። መጀመሪያ 12 ቁጥር ጋ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ታየ፣ ከዚያ ወደ 3 ተስፋፋ። በጨርቅ ጠረግኩት፣ አይጠረግም፤ ውስጥ ነው ያለው። ማታ ላይ ጉሙ ወደ ጠብታ ተለወጠ። ሰከንድ ቆጣሪዋ አንድ ቦታ ላይ እየተንቀጠቀጠች መቆም ጀመረች። ጠዋት ስነሳ ሞታለች።

50 ሜትር ማለት 50 ሜትር ጠልቀህ ዋኝ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰዓቱ 5 ባር ግፊት ይችላል ማለት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 22810፣ ለእንደዚህ ዓይነቶቹ የዘወትር ሰዓቶች ነው። ለጠላቂዎች የሚሠሩት ሰዓቶች የራሳቸው ሌላ ደረጃ አላቸው፣ አይኤስኦ 6425 የሚባል። እኔ ጠላቂ አይደለሁም፣ ባሕርም የለንም። ግን ከሃይላንድ የሚንቆረቆር ውሃ 5 ባር አይደለም፣ አንድም አይደለም። ባለ 50 ሜትር ሰዓት ለእጅ መታጠብ፣ ለዝናብ፣ ለዋናም ጭምር ትሆናለች ተብላ የምትሸጥ ናት።

ሱቃችሁ ስመጣ ጠጋኛችሁ ክዳኗን እፊቴ ከፈተ። ለዚህስ አመሰግነዋለሁ፣ ትሑት ልጅ ነው። አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውልቆ «ይዩት እትዬ» ብሎ ሰጠኝ። ክዳኑ ዙሪያ ፀጉር የመሰለች ጥቁር የጎማ ቀለበት አለች። እሷ ናት ውሃ የምትከለክለው። ቀለበቷ በአንድ በኩል ከቦይዋ ወጥታ በክዳኑና በአካሉ መካከል ተጨፍልቃለች። የተጨፈለቀው ቦታ ጠፍጥፎ ጫፉ ተበጥሷል። ባትሪው ዙሪያ ነጭ ነገር ይዟል። ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሲዘጋ ተቆንጥጣ ነው» አለኝ።

ሲዘጋ! ታዲያ ማን ነው የዘጋው? በገዛሁባት ዕለት ሰዓቷ ቆማ ነበር። መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይታ ድንጋዩ አልቋል ተባለ። ሻጫችሁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክዳኗን በቢላ ፈለቀቀ። አዲስ ድንጋይ ከተተና በሁለት አውራ ጣቱ ተጭኖ ዘጋት። ጠቅ አለች፣ «በቃ፣ ትሥራበት» አለኝ። ቀለበቷ ቦታዋ ላይ መሆኗን አላየም፣ ቅባትም አልቀባም። ክዳን በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ በግፊት መፈተሻ መታየት እንዳለበት ጠጋኞቻችሁ ያውቃሉ። መፈተሻው ዕቃ ይኸው በሱቃችሁ ጥግ ተቀምጧል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጠጋኛችሁ እስኪከፍታት ድረስ ክዳኗን የነካ ሰው የለም። በደረሰኙ ላይም «ባትሪ ተቀይሯል» ተብሎ በእስክሪብቶ ተጽፏል፣ የሻጫችሁ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ይህን እየተነጋገርን ሳለ የሱቁ ኃላፊ መጡ። የልጁን ቃል አላስጨረሱትም። የዋስትና ካርዱን ገልብጠው ከታች ባለችው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «በውሃ ምክንያት ለሚደርስ ብልሽት ድርጅቱ ኃላፊነት አይወስድም» ትላለች። ዣንጥላ ሸጦ «ዝናብ ካገኘው አንመልስም» እንደማለት ነው። ይህቺ መስመር ለሌላው ሰዓታችሁ ትሠራ ይሆናል። በውሃ መቻሏ ዋጋ ተጨምሮባት ለተሸጠች ሰዓት ግን እንዴት ትሠራለች?

አልቀበልም ስል ኃላፊው ሌላ ነገር አመጡ። «የጎን ቁልፏን ስበው ሳይመልሱት ቀርተው ይሆናል፣ ውሃው በዚያ ነው የገባው።» የቀኗ ነገር የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው። ይህቺ ሰዓት ቀን የላትም። ስለዚህ ቁልፏ የሚሳበው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጊዜ ለማስተካከል። ሲሳብ ደግሞ ሰከንድ ቆጣሪዋ ወዲያው ትቆማለች። እዚያው ሱቅ ውስጥ ከዚያው ዓይነት አዲስ አስወጥቼ አሳይቻቸዋለሁ፣ ስትሳብ ቆመች፣ ስትመለስ ሄደች። የእኔ ሰዓት ግን እጄን እስክታጠብ ድረስ ስትሄድ ነበር። ክፍለ ጊዜውን የጨረስኩት በእሷ ነው፣ ደወሉም ከእሷ ጋር እኩል ነው የተደወለው። ቁልፏ ተስቦ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በታወቀኝ። ኃላፊው ይህን ሲያዩ ዝም አሉ። ቀጥለውም «በ900 ብር አዲስ ሞተር እናስገባልዎት» አሉኝ። ባላጠፋሁት 900 ብር? ያውም ያቺው የተበጠሰች ቀለበት እንዳለች? ስለ ቀለበቷ ስጠይቅ መለዋወጫው እንደሌለ ተነገረኝ።

ሕግ ወደ መጥቀስ መሄድ አልወድም፣ ግን ካርዱን እንደ ሕግ ስላነበባችሁልኝ እኔም ላንብብላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2287 የሸጣችሁልኝ ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋሷ እናንተ ናችሁ ይላል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ስለምገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠኛል። ሻጫችሁ ስለ ስቲሉና ስለ መስታወቱ የነገረኝን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። አንደኛው ምርጫ 3,400 ብሩን ሙሉውን መመለስ ነው። ሌላ ዕቃ ውሰጂ፣ ቅናሽ እናድርግልሽ የሚል ነገር አልቀበልም። ሁለተኛው ምርጫ ያቺኑ ዓይነት አዲስ ሰዓት መስጠት ነው፣ ግን በሁለት ነገር። አንድ፣ ከመረከቤ በፊት እዚያው ጥግ ባለው መፈተሻ እፊቴ በ5 ባር ትፈተሽ። ሁለት፣ በዋስትና ካርዷ ላይ ያቺ የውሃ መስመር ተሰርዛ ማኅተም ይረፍባት። ማኅተም የማታሳርፉ ከሆነ በራሳችሁ ዕቃ አትተማመኑም ማለት ነውና ብሬን መልሱልኝ።

ጠጋኙን ልጅ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ያየውን ስለተናገረ ችግር እንዳይደርስበት። በዚህ ጉዳይ ከሱቃችሁ ሰው ሁሉ ደንበኛ ያከበረው እሱ ነው።

ሰዓቷ ጠጋኙ ክዳኗን መልሶ ከዘጋ ወዲህ አልተነካችም። ልጁ በሰጠኝ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ እንዳለች ናት፣ የተቆነጠጠችውም ቀለበት አብራ አለች። እስከ ጥር 15 ድረስ መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከነአባሪው ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እወስደዋለሁ። እስካሁን ለማንም ግልባጭ አላደረግኩም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ሱቅ መምጣት እችላለሁ። ስሜና ስልኬ በደረሰኙ ቅጂ ላይ አለ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ