ደብተሩን ዘግተሽ ሞክሪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? «መምህሩ ሲያስረዱ ይገባኛል፤ ፈተና ላይ ግን ጥፍት ይልብኛል» ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለሱ ነው።

ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ ትርጉም የሌላቸው ቃል መሳዮችን እየሸመደደ ምን ያህሉን እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። መርሳት የሚበረታው ቆይቶ ሳይሆን ወዲያው፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ስለዚህ የዛሬውን ትምህርት ለፈተና ሰሞን አታቆዪው። ማታውኑ እዪው።

እዪው ስልሽ ደጋግመሽ አንብቢ ማለቴ አይደለም። ደጋግመሽ ስታነቢ ዓይንሽ ገጹን ይለምደዋል፤ ያወቅሽው ይመስልሻል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ደብተሩን ዝጊው፣ ባዶ ወረቀት አውጪ፣ የተማርሽውን በራስሽ አባባል ጻፊ።

ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበትን መንገድ፣ ተማራችሁ እንበል። ብርሃን፣ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ስኳር ይሠራል፣ ኦክስጅን ይወጣል ትያለሽ። ኦክስጅኑ የሚወጣው ከየቱ ነው? ከውሃው ወይስ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ? እዚህ ጋ ድርቅ ካልሽ አትደንግጪ። ያልገባሽን አገኘሽው ማለት ነው። አክብቢበትና ደብተሩን ገልጠሽ እሱን ብቻ ፈልጊ። ከውሃው መሆኑን እንዲህ ለፍተሽ ስታገኚው በቀላሉ አይጠፋሽም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም በሳምንቱ፣ ደብተር ሳታዪ ድገሚው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንኑ በተማሪዎች ላይ ፈትነውታል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በልጠው ተገኙ። አንቺ ደግሞ የምትፈተኚው ከአምስት ደቂቃ በኋላ አይደለም።

ደብተርሽ ውስጥም መልሱን ካጣሽው በነጋታው ክፍል ይዘሽው ሂጂ። እጅሽን አውጪና ጠይቂ። ይስቁብኛል ብለሽ ዝም አትበይ። አጠገብሽ ያሉትም ሳይገባቸው ዝም ብለው ይሆናል። «አልገባኝም» ብቻ ከማለት «እስከዚህ ገብቶኛል፣ ከዚህ በኋላ ግን ጠፋብኝ» ብትዪ መምህርሽ ከየት መጀመር እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ስልክሽን ስታጠኚ ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ሌሊቱንም ሙሉ አታጥኚ፤ የተማርሽው የሚረጋው ስትተኚ ነው።

በሁሉም ትምህርት ባንዴ አትጀምሪ። በጣም በሚከብድሽ በአንዱ ሞክሪውና እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ