ቀኑ ሳይሞላ አትልቀም

ልጄ፣ እንዴት ከረምክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል።

የአክስትህ ልጅ ከቆቦ ሽንኩርት ጭኖ ሲመጣ እኛ ጋ አድሮ ነበር። ስለ ቲማቲምህ ጠየቅኩት። ዋጋ ጨምሯል ተብሎ፣ ማታ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶ በነጋታው ጠዋት ተለቀመ አለኝ። እራቴ አልወርድ አለኝ። ስደውልልህ ደግሞ «ሽታው እኮ ጠፍቷል አባዬ» አልከኝ። በስልክ ቶሎ ስለምትቆጣ ነው የምጽፍልህ።

ከተረጨ በኋላ የሚጠበቀው ቀን ሳይሞላ አትልቀም። ሽታ መለኪያ አይደለም።

የእህቴን ነገር በወሬ ታውቀዋለህ። አጎቴ ቆላ ጥጥ ለቀማ ከርሞ ሲመለስ ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ይዞ መጣ። ያኔ ጀሪካን ብርቅ ነው። አያትህ ወንዝ ወስዳ በአሸዋ ናጠችው፣ ደጋግማ አጠበችው፣ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቃ አሰነበተችው። አሸተተችው፤ ምንም የለውም። የኑግ ዘይት ሞላችበት። እህቴ ከእንጨት ለቀማ እንደገባች ርቧት ቂጣ በዘይቱ አጥቅሳ በላች። ማታ ላብ አጠመቃት፣ ለሃጯ አልቆም አለ፣ የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠበበ። በቃሬዛ ደሴ ሳትደርስ አለፈች። አያትህ እስክትሞት ድረስ «አሽትቼው ነበር እኮ» እንዳለች ኖረች። አንተም ያንኑ ቃል ስትለኝ ምን እንደተሰማኝ አሏህ ያውቃል።

ያ በአንድ ቀን የሚገድል ብዙ መርዝ ነው። ቲማቲም ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው፣ አንድ ቀን የበላው ምንም ላይሆን ይችላል። እኔን የሚያስፈራኝ ዕለት ዕለት የሚበላው ሰው ነው፣ በተለይ ሕፃን፤ ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከኛ ይበልጥ ይበላል። ያ ቲማቲም ደሴ ነው የገባው። እህትህ አስቤዛ የምትሸምተው ከሰኞ ገበያ ነው፣ ልጇም ምግብ መጀመሩ ነው።

መድኃኒቱን የሚያጠፋው ጊዜ ነው። ፀሐይ ይሰብረዋል፣ ነፋስና ዝናብ ይወስዱታል፣ ተክሉ ራሱም ያፈራርሰዋል። በ3 ቀን ግማሹ የሚጠፋ ዓይነት ቢሆን፣ በ6ኛው ቀን ሩቡ፣ በ9ኛው አንድ ስምንተኛው ይቀራል። በአንድ ሌሊትስ? አንተው አስላው። መጠኑን እጥፍ ካደረግክ ደግሞ እዚያው ለመድረስ ሌላ 3 ቀን ያስፈልግሃል። ቱታ የሚሉት ትል እንዳስቸገረህ አውቃለሁ፣ ብዙውን መድኃኒት ለምዶታል። ቢሆንም ሁለት ሦስቱን ደባልቀህ መርጨቱን ተው።

ሰው ያጥበዋል አትበለኝ። ውሃ ላዩ ላይ ያለውን ይቀንሳል እንጂ ተክሉ ውስጥ የሚዘልቀውን ዓይነት አያወጣም። ማብሰልም ሁሌ አያድንም፤ ማንኮዜብ የሚሉት የሻጋታ በሽታ መድኃኒት እሳት ሲያገኘው ታይሮይድ ዕጢን ወደሚጎዳ ሌላ ነገር ይለወጣል። ቲማቲም ደግሞ ስንቱ በጥሬው ይበላዋል!

ስለዚህ ስማኝ። የበሰለውን መጀመሪያ ልቀም፣ ከዚያ እርጭ። ፍሬው መድረስ ከጀመረ በኋላ የመጠበቂያ ቀኑ አጭር የሆነውን መድኃኒት ምረጥ። ቀኑ ዕቃው ላይ ተጽፏል፣ በየሰብሉ ይለያያል፤ ለሽንኩርት የተጻፈውን ለቲማቲም አትውሰድ። በሃይላንድ ቀድተው የሚሸጡትን፣ ጽሑፍ የሌለውን፣ በነፃ ቢሰጡህም አትቀበል። የረጨህበትን ቀን ደብተር ላይ ጻፍ። ደላላ ሲደውል ደብተሩን እይ። ቀኑ ካልሞላ አትልቀም፤ አይሱዙው ባዶውን ይመለስ።

አብሽር ልጄ። የመሬቱ ኪራይ እንዳስጨነቀህ አጥቼው አይደለም። በሬውን እንሸጣለን፣ ከእናትህ ጋር ተነጋግረናል። አንተን የመሰለ ልጅ በዕዳ አይሰበርም።

ጓንትና ጭምብል በሹፌሩ ልኬልሃለሁ። መርጫው ሲደፈን በአፍህ አትንፋው። ባዶውን ዕቃ ብሳው፣ ማንም ቤት እንዳይገባ። ያለህን መድኃኒት በሙሉ ጽሑፉ እንዲነበብ አድርገህ ፎቶ አንሳና ዛሬ ማታ ላክልኝ። የቀረው መደብ መቼ እንደተረጨም ጻፍልኝ።

አባትህ