የታናናሽ ዳኞች መዝገብ አይናቅ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመዝገብ ቤት ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። «የጥቃቅን ክርክር ወረቀት ምን ይፈይዳል?» ሲባል ስሰማ እቆጣለሁ። ከ1790 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ገጠር ያገለገሉት የሰላም ዳኞች ያስቀሩትን መዝገብ ተመልከቱ፤ የተገፋ ድንበር፣ ያልተከፈለ የእርሻ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ሰብል የበላ ከብት፣ ስድብም ሳይቀር ተጽፏል። እኔን ከሁሉ የሚይዘኝ የቤተ ዘመድ ጉባኤው ነው። በ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወላጅ አልባ ሕፃን ሞግዚት ሲያሻው፣ ዳኛው ከአባት ወገን ሦስት፣ ከእናት ወገን ሦስት ሰዎች ሰብስቦ ያስመርጥ ነበር። ማን ከማን እንደሚዛመድ ከዚያ ይነበባል። ለመሆኑ መጻፍ የማይችል ገበሬ ቃል ሌላ የት ይገኛል? የመዝገብ ቤት ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ወረቀት ለቦታ ጥበት ብለው እንዳያስወግዱ አጥብቄ እለምናለሁ።

አንድ አንባቢ