ለኤር ፍራየር የደጋ መመሪያ ያስፈልገናል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ኤር ፍራየር የሚባለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ ይዛልኝ መጣች። አብሮት የመጣው መመሪያ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ከድንች ጥብስ፣ ከዶሮና ከኬክ ውጪ የሚናገረው የለም። እኔ የፈለግኩት ግን ድፎ ዳቦ ነበር። ላለፉት 5 ወራት ደሴ በሚገኘው ማጀቴ እየሞከርኩ በደብተር ስመዘግብ የቆየሁትን የምጽፍላችሁ፣ ዕቃው ወደ ብዙ ቤት እየገባ ስለሆነና ለምግባችንም ለአገራችን ከፍታም የሚስማማ የአማርኛ መመሪያ ሊዘጋጅለት ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ስሙ መጥበሻ ይበለው እንጂ ኤር ፍራየር የሚጋግር ዕቃ ነው። ከላይ የሚግል ሽቦ አለው፤ ማራገቢያው ደግሞ ትኩሱን አየር በፍጥነት እያዞረ ምግቡን ያበስለዋል። ፊሊፕስ በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲያቀርበው ዋናው ሐሳብ ድንችን በጥቂት ዘይት ማብሰል ስለነበር፣ መመሪያዎቹ እስከ ዛሬ ለዳቦ ብዙም ቦታ አይሰጡም። እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ ከታችም ከላይም እሳት የሚያደርጉት በምክንያት ነው። በዚህ ዕቃ ሙቀቱ የሚመነጨው ከላይ ብቻ በመሆኑ፣ በ180 ዲግሪ የጋገርኩት የመጀመሪያው ዳቦ ፊቱ ጠቁሮ ሆዱ ሊጥ እንደሆነ ወጣ። አሁን 300 ግራም የስንዴ ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ አቡክቼ፣ ጥቁር አዝሙድና ድምብላል ጨምሬ፣ በ160 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ እጋግረዋለሁ፤ ከዚያም ገልብጬ 10 ደቂቃ እጨምርለታለሁ። ሲወጣ ቅርፊቱ እየበረደ ቀስ እያለ ሲንጣጣ ይሰማል፤ ያን ድምፅ ስሰማ ዳቦው እንደተሳካልኝ አውቃለሁ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ኮባው ነው። እንደ ልማዳችን ሊጡን ከታችም ከላይም በኮባ ሸፍኜ አስገባሁት። ጥቂት እንደቆየ የማራገቢያው ነፋስ የቅጠሉን ጫፍ ወደ ላይ አንሥቶ ከጋለው ሽቦ ጋር አገናኘውና ቤቱ በጢስ ተሞላ። ሶኬቱን ነቅዬ ቅርጫቱን ስስበው የኮባው ዳር እንደ ከሰል ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኮባውን ሊጡን በምጋግርበት ድስት ልክ ቆርጬ ከሥር ብቻ አነጥፋለሁ፤ የሊጡ ክብደት ስለሚይዘው አይነሣም። ወረቀት የሚያነጥፉ ሰዎችም ባዶውን ወረቀት አስገብተው ዕቃውን እንዳያሞቁ አደራ እላለሁ።

ከፍታውን በተመለከተ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሊጥ በቀላሉ ይነፋል፤ የደጋው ብርድ ደግሞ እርሾውን ያዘገየዋል። ሊጡ አልነሣ ያለው ሰው እርሾ ይጨምራል፤ ወደ ሙቀቱ ሲገባ ግን እርሾው በአንድ ጊዜ ይነቃና ዳቦው ከመጠን በላይ ተነፍቶ መሀሉ ይሰረጉዳል። እኔም ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኖብኛል። መፍትሔ የሆነልኝ እርሾውን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አለማሳለፍና ሊጡ ያለበትን ሳህን በጋቢ ጠቅልሎ ኩፍ እስኪል መታገሥ ነው። ደግሞም ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የዳቦው መሀል 95 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቁ የሚለው የውጭ ምክር ለደሴ አይሆንም፤ ያን የጠበቀ ሰው የሚያገኘው የደረቀ ዳቦ ነው። በስንደዶ ወግቶ ማየት ይበቃል። ዝቅ ብላ ሞቃት በሆነችው ኮምቦልቻ የምትኖር አክስቴ በእኔው ልክ ስታቦካ ሊጧ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፤ አንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ርቀት እንኳ ልኩ ይለያያል ማለት ነው።

ከዳቦ ሌላ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ታሽቶ በጣም ጥሩ ይሆናል። በረመዳን ከጎረቤቴ ጋር የሠራነው ሳምቡሳ ዘይት በብሩሽ ተቀብቶ በ190 ዲግሪ በ10 ደቂቃ ደረሰ፤ በዘይት የተጠበሰውን ያህል ባይወዛም ጥርስ ላይ ይሰበራል፤ ዘይቱም እጅግ ተቆጠበ። ቀጭን ሊጥ ግን ከቅርጫቱ ቀዳዳ ስለሚፈስ እንጀራ አይሞከርም።

የእኔ ዕቃ 1,500 ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት ወደ 7 አምፔር ይስባል። በቀጭን ኤክስቴንሽን ከቡና ማፍያ ምድጃ ጋር አንድ ላይ የሚሰኩ ቤቶችን አይቻለሁና ያሳስበኛል። ገመዱን በእጅ ነክቶ ከሞቀ ወዲያውኑ መንቀል ይገባል።

ስለዚህ ዕቃውን የሚያስመጡና የሚሸጡ ነጋዴዎች ቢያንስ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ አብረው እንዲሰጡ፣ የምግብ ዝግጅት የሚያስተምሩ የሙያ ማሠልጠኛዎችም የድፎውን፣ የሙልሙሉንና የአምባሻውን ልክ በደጋና በቆላ ከተሞች ለይተው እንዲሞክሩ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ። ጋዜጣውም ባለሙያ ጋብዞ በጉዳዩ ላይ ቢያጽፍ፣ የተበላሹትንም ሳልደብቅ የመዘገብኩበትን ደብተር ቅጂ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። አሁን የገብስ ዳቦ ጀምሬአለሁ፤ እስካሁን መሀሉ አልበስል ብሎኛልና መላውን ያገኘ አንባቢ ካለ በዚሁ ዓምድ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከደሴ፣ ወሎ